የቁልቁለቱ ዕዳ

ካምፓላ የእግዚአብሔር ቤቶች ከፍታውን፣ ውሃው ደግሞ ዝቅታውን የያዙባት ከተማ ናት። ሩባጋ ላይ ካቶሊኮች፣ ናሚሬምቤ ላይ አንግሊካኖች፣ ኪቡሊ ላይ ሙስሊሞች፣ ኪካያ ላይ ባሃኢዎች ቤተ ጸሎታቸውን ሠርተዋል። የብሪታንያው መኮንን ሉጋርድ በ1890 ምሽጉን በተከለበት ኮረብታ ላይም ዛሬ የአገሪቱ ታላቅ መስጊድ ቆሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ናካሴሮና ኮሎሎ የሹማምንትና የኤምባሲ ሰፈር ናቸው። በኮረብቶቹ መካከል ያለው ዝቅታ፣ የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት ዓይነት ደንገል የሞላበት ረግረግ ነበር። አሁን ግን ብዙው ክፍል ሰው ተደራርቦ የሚኖርበት ሰፈር ሆኗል፤ ብዋይሴ ከእነዚህ በጎርፍ የታወቀው ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከላይ በቆርቆሮና በአስፋልት ላይ የወረደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይተኛል። ከተማዋ ይህ እንዳይሆን የሚል ፕላን አጥታ አታውቅም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ፕላን ሲወጣላት ኖራለች። ዕቅዱ ለምን መሬት እንዳልነካ የሚተነትን ጽሑፍም በየጊዜው ይጻፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው፦ ከተማ አንድን ሰው “እዚህ አትሥራ፤ የሠራኸውንም አፍርስ” የማለት መብቷን ከየት ታገኛለች?

ፕላን የማይተገበርበት ምክንያት ሲጠየቅ የሚሰጡት መልሶች የታወቁ ናቸው። ገንዘብ የለም፣ ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ጉቦ አለ፣ ፖለቲከኛው እጁን ያስገባል፣ ሕዝቡ ከፕላኑ ቀድሞ ይሠራል። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ግን ፕላኑ ሊታዘዙት የሚገባ ነው ከሚል ያልተመረመረ እምነት ይነሳሉ፤ የጎደለው ማስፈጸሚያ ብቻ ይመስላቸዋል። የእኔ ክርክር ይህን እምነት ይነካል። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ትእዛዝ ከመሆኑ በፊት ኪዳን ነው። ትእዛዝ የሚያስረው ታዛዡን ነው፤ ኪዳን ግን ሁለቱንም ወገን ያስራል፣ ይልቁንም ብርቱውን። ፕላን ማለት ዛሬ ያለው ሰው ገና ላልተወለደው፣ ላይ ያለው ታች ላለው የሚገባው ቃል ነው፤ “መሬቴ ቢሆንም ያሰኘኝን አላደርግበትም” የሚል ቃል። ካምፓላ ውስጥ ይህን ቃል ለማፍረስ የመጀመሪያው ድሃው አልነበረም። ቃሉን በሌሎች ላይ የጫኑት ወገኖች ራሳቸው ገብተውበት አያውቁም፤ ስለዚህ ዶዘር ይዘው ሲመጡ በእጃቸው ያለው ኃይል ነው እንጂ ሥልጣን አይደለም።

ከመሬቱ እንጀምር፣ ነገሩ ከእሱ ይነሳልና። በ1900 ካምፓላ ያለችበት የቡጋንዳ መንግሥት ሹማምንትና ብሪታንያ በተፈራረሙት ስምምነት 8,000 ካሬ ማይል ያህል መሬት ለአንድ ሺህ ገደማ ሹማምንትና የግል ባለይዞታዎች ተመደበ፤ ለሚሲዮኖች ደግሞ 92 ካሬ ማይል ተሰጠ። በማይል ስለተለካ ይዞታው እስከ ዛሬ “ማይሎ” ይባላል። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ገበሬ ሰፍሮበታል፣ የጎሳ አባቶች ተቀብረውበታል። ነገሩን በእኛ አገር ቋንቋ ለመናገር፣ ጉልተኛው በአንድ ፊርማ ባለርስት ሆነ፣ በቦታው የኖረው ሰው ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኛው የያዘው ቁራሽ ኪባንጃ፣ ለባለመሬቱ የሚከፍለው ቡሱሉ ይባላል። በ1928 የወጣ ሕግ ቡሱሉውን ወስኖ ጭሰኛው በዘፈቀደ እንዳይነቀል ከለከለ። በ1975 ኢዲ አሚን መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ አወጀ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ መሬት የኡጋንዳ ዜጎች ነው ብሎ ማይሎን መለሰ፤ የ1998ቱ የመሬት ሕግ ለኪባንጃ ባለይዞታው ጥበቃ ሰጠ፣ በ2010 የተሻሻለውም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይነሳ አደረገ። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ባለቤት ተቀመጠ፦ አንዱ ካርታ አለው፣ ሌላው ቤት አለው። አንዱ መገንባት አይችልም፣ ሌላው መገንባቱን ማስመዝገብ አይችልም።

ፕላኑም የተወለደው ከዚሁ ክፍፍል ነው። ከእንግሊዞች በፊት የካባካዎቹ (የቡጋንዳ ነገሥታት) መዲና፣ ኪቡጋ የሚባለው፣ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሰፋፊ መንገዶች በየአቅጣጫው ይወጡ ነበር፤ የየአውራጃው ሹም ግቢም ወደ አውራጃው በሚወስደው መንገድ በኩል ይሠራ ነበር። ቅኝ ገዢዎቹ ከጎኑ ሌላ ከተማ ተከሉ፤ ፕላን ያወጡትም ለዚያኛው ነው። የጤና አማካሪው ሲምፕሰን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ለምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ያቀረበው ምክር ዘርን ከዘር በባዶ መሬት መለየት ነበር፤ ምክንያቱ ወባ ነው ተባለ። ፍራንክፈርትን በመኖሪያ ሕንፃዎቹ ያስጠራው ጀርመናዊው ኤርነስት ማይ ከ1945 እስከ 1947 ባለው ጊዜ ኮሎሎንና ናጉሩን የሚያካትት የማስፋፊያ ፕላን ሠራ፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ኬንዳል በ1951 ሌላ ጨመረ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር የገቡት በ1968 ሲሆን የካምፓላ ወሰን ከ20 ገደማ ወደ 190 ገደማ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፋ። ከዚያ በኋላ የ1972፣ የ1994ና የ2012 ፕላኖች ተከታተሉ። ታሪኩን የማነሳው ቅኝ ግዛትን ለመክሰስ አይደለም፤ ያ ክስ ቀላል ነው፣ ደግሞም ሰበብ ሆኗል። የማነሳው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፦ ፕላን በፕላንነቱ ብቻ ቅዱስ አይደለም። ዘርን በትንኝ ስም የለየውም ፕላን ነበር፤ ካርታው ሥርዓት ያለው፣ መስመሩም ቀጥ ያለ። ስለዚህ የሚያስገድድ ነገር ካለው ከመስመሩ ሌላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ታችኛው ሰው እንምጣ። ኪባንጃ ላይ ያለ ሰው ሕግ አክብሮ ቤት ልሥራ ቢል ከተማው የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የባለመሬቱን ፈቃድ ይጠይቀዋል። ባለመሬቱ ይህን ፈቃድ ለመስጠት የሚገፋፋው ነገር የለም፤ ጭሰኛው ጠንካራ ቤት በሠራ ቁጥር የእሱ ካርታ ወረቀት ብቻ እየሆነ ይሄዳልና። የሕንፃ ደረጃው፣ የቦታው ስፋት፣ የንድፍ ክፍያው የተቀረጸው ደግሞ ደመወዝተኛውን በማሰብ ነው፤ የከተማው ፕላን ሕግ ራሱ ለረጅም ጊዜ የቆመው በ1951 ከእንግሊዝ ሕግ በተቀዳ መሠረት ላይ ነበር። ካንት ሰውን “ይህን ማድረግ አለብህ” ልንለው የምንችለው ማድረግ የሚችል ሲሆን ነው ብሎ አስተምሯል፤ ይህን ለመረዳት ግን ካንት አያስፈልግም፣ ጦም ለማይችል ሕመምተኛ የንስሐ አባቱ ጦም አያዝዝም። ከካምፓላ ነዋሪ ግማሽ የሚበልጠው መደበኛ ባልሆነ ሰፈር ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 60 በመቶ ገደማ ነው። ከግማሽ በላይ ሕዝብ የሚተላለፈው ሕግ ካለ፣ ሕዝቡ ሁሉ ዓመፀኛ ነው ከማለት ይልቅ ሕጉ የማይቻል ነገር ጠይቋል ማለት ይቀላል። የእኛ ሰው “ጨረቃ ቤት” የሚለውን ቃል ያወጣው በሌሊት ስለሚሠራ ነው። በቀን ለመሥራት የሚያስችል በር ተከፍቶለት ነበር ወይ የሚለውን ግን ቃሉ አይነግረንም።

እስካሁን ያልኩት ፕላንን የማጣጣል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። ለፕላን የሚቀርበው ብርቱው ክርክር ረግረጉ ውስጥ አለ፤ እሱን ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው ስለ ፍትሕ ባይናገር ይሻላል። የከተማዋ ፍሳሽ በናኪቩቦ ቦይ ወርዶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። ከመግባቱ በፊት የሚያጣራው የናኪቩቦ ረግረግ ነው፤ ከዚያው የሐይቁ ዳርቻ፣ ጋባ ላይ፣ የካምፓላ የመጠጥ ውሃ ይቀዳል። በ1999 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ይህ ረግረግ በዓመት የሚሰጠውን አገልግሎት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል፤ ደንገሉ በነጻ የሚሠራውን ሥራ በማሽን ለመሥራት ምን ያህል ይፈጅ እንደነበር ተሰልቶ ማለት ነው። በአገር ደረጃ በ1994 ከ15 በመቶ በላይ የነበረው የረግረግ ሽፋን በ2019 ወደ 9 በመቶ ገደማ ወርዷል። ረግረግ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መሬት ብቻ አይደለም የያዘው፤ የማያውቃቸውን ሰዎች ውሃ ይዟል። ብዋይሴ ውስጥ ቦታውን በገረጋንቲና በቆሻሻ ደልድሎ ከፍ የሚያደርግ ሰው ጎርፉን አያጠፋውም፤ ወደ ጎረቤቱ ቤት ይልከዋል። ጆን ሎክ መሬት ላብህን ስታፈስበት ያንተ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ግን ለሌላውም በቂና ያን ያህል መልካም ሲተርፍለት ነው ብሎ ገደብ አስቀምጧል። ረግረግ ላይ ይህ ገደብ ወዲያው ይጣሳል፤ እዚያ የሚፈስስ ላብ ሁሉ የሌላ ሰው ጎርፍ ነውና። ስለዚህ የግል ይዞታን የሚገድብ ፕላን አያስፈልግም የሚል ሰው ለድሃ የቆመ ቢመስለውም ታች ያለውን ድሃ ለውሃ አሳልፎ ሰጥቶታል።

የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ይህን ያውቃል። አንቀጽ 237 መሬትን ለዜጎች ሰጥቶ ሲያበቃ ሐይቅን፣ ወንዝን፣ ረግረግንና ደንን መንግሥት ለሕዝቡ በአደራ ይይዛል ይላል። አደራ የሚለው ቃል ሁሉንም ይለውጣል። ባለቤት ንብረቱን ቢያበላሽ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ባለአደራ ሲያበላሽ ግን ሌባ ይባላል። እንግዲህ ባለአደራው ምን አደረገ? የራሱ የመሬት መዝገብ ቢሮዎች በረግረግ ላይ ካርታ ሲሰጡ ኖሩ፤ በ2014 ካቢኔው ከ1995 በኋላ በረግረግ ላይ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰጡ ካርታዎች እንዲሰረዙ የወሰነው ካርታዎቹ ስለነበሩ ነው። ሰሜናዊው የካምፓላ ቀለበት መንገድ በሉቢጊ ረግረግ ላይ ተደልድሎ አለፈ። አጠገቡ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተሠራ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበረ፣ ምናልባትም በቂ ምክንያት፤ መንገድ ያስፈልጋል፣ ፍሳሽ መጣራት አለበት። ነገር ግን መንገድ ባለበት ሰው ይከተላል፤ አፈር በተደለደለበት ዳር ሌላ አፈር ይደፋል። ከዚያ በ2024 የብሔራዊ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ፣ ኔማ የሚባለው፣ ሉቢጊ ውስጥ ቤቶችን አፈረሰ። በሕግ ትክክል ነበር። አስፋልቱ ግን ቆሟል፤ ቤቱ ፈርሶ አስፋልቱ ሲቆም ያየ ሰው የሚማረው ስለ ረግረግ አይደለም፣ ስለ ጉልበት ነው።

የናቡቴ ታሪክ እዚህ ጋር ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን በጎደሎው ነው። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ የአጠቃቀም ለውጥ ጠየቀ። ካሳም አቀረበ፦ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ታሪኩ የካሳ ማነስ ታሪክ አይደለም፤ ካሳው መልካም ነበር። ኤልዛቤልም ነገሩን ያለ ሕግ አልፈጸመችውም፦ ደብዳቤ በንጉሡ ማኅተም ተጻፈ፣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ሁለት ምስክር ቆመ። ሥነ ሥርዓቱ የተሟላ ነበር፤ የጎደለው ናቡቴ “አይሆንም” ማለት የሚችልበት ቦታ ነው። ይሁንና ምሳሌው ካምፓላ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። አክዓብ የፈለገው ለማዕዱ ነው፤ ረግረጉ የሚፈለገው ለከተማው ሁሉ ነው። ለጋራ ጥቅም ሲሆን የናቡቴ “አይሆንም” የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ አንድ ሰው ሺህ ሰው ያሰጥማል። ስለዚህ ሁለት ፈተና ይቀርባል። የተጠየቀው መሥዋዕት ለማን ነው? ጠያቂውስ የራሱን አስቀድሞ አቅርቧል? የካምፓላ ፕላን የመጀመሪያውን ፈተና ብዙ ጊዜ ያልፋል። የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው።

ሁለተኛው ፈተና መንግሥትን ብቻ አይጠይቅም፤ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ፕላን እያንዳንዱን ቦታ በአጥሩ ይመዝናል፦ ይህ ግቢ ፈቃድ አለው፣ ያ የለውም። ውሃ አጥር አያውቅም። ኮሎሎ ላይ ግቢውን በሙሉ ንጣፍ ያለበሰ ሰው አንድም ደንብ ላይጥስ ይችላል፤ ዝናቡ ግን አፈር አጥቶ ቁልቁል ይሄዳል፣ የሚያርፈውም “ሕገ ወጥ” ተብሎ በተመዘገበው ቤት ወለል ላይ ነው። በወረቀት ላይ ጥፋተኛው የሰጠመው ሰው ነው። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ከጥንታዊዎቹ የሕንፃ ደንቦች አንዱ ይህ ነው፤ ባለቤቱን ተጠያቂ የሚያደርገውም ከጣሪያው ጫፍ በታች ለሚሆነው ነገር ነው። ካምፓላ ውስጥ ከጣሪያው ጫፍ የሚወድቀው ውሃ ነው። በዚህ ረገድ የሃይማኖት ተቋማት ልዩ ዕዳ አለባቸው፤ የከፍታው ባለይዞታዎች ናቸውና፣ የሚያስተምሩትም ትምህርት አለና። ቶማስ አኵዊናስ ሰው ንብረትን በግሉ ሊያስተዳድር ይችላል፣ አጠቃቀሙ ግን የጋራ መሆኑን አይርሳ ብሎ ነበር፤ ፖፕ ፍራንሲስ ይህንኑ ሐሳብ ለምድር ባወጡት መልእክት አድሰው በዚያው ዓመት፣ በ2015፣ ካምፓላ መጥተዋል። በእስልምና ትውፊት ውሃ፣ ግጦሽና እሳት የሰው ሁሉ ድርሻ ናቸው የሚል ትምህርት አለ፤ የኪቡሊ ኮረብታም ልዑል ባድሩ ካኩንጉሉ ለእምነቱ የሰጡት መሬት ነው። ስብከቱ አልጎደለም። የዝናብ ውሃን በግቢ ውስጥ ማስቀረትና አፈሩን ለሣርና ለዛፍ መተው የአምልኮ ጉዳይ ሆኖ ሲሰበክ ነው መስማት የሚቀረን።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ቀላል አይደለም። ጎርፍ ፍትሕ እስኪሰፍን አይጠብቅም። መንግሥት እስኪነጻ፣ ባለሀብቱ ንስሐ እስኪገባ ከጠበቅን ረግረጉ ያልቃል፤ ግብዝ ሐኪም “አታጭስ” ቢልም ምክሩ ትክክል ነው። እውነት ነው፣ የምክሩ ትክክለኛነት በመካሪው አይለካም። ፕላን ግን ምክር አይደለም፤ ፕላን ቤት ያፈርሳል፤ ለማፍረስ የሚያስፈልገው እውነት ብቻ ሳይሆን መብት ነው። ደግሞም እኔ የምጠይቀው ንጽሕናን አይደለም፣ ቅደም ተከተልን ነው። በኪቴዚ የሆነውን እናስታውስ። ከ1996 ጀምሮ የካምፓላን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው ኪቴዚ ከሞላ ዓመታት አልፈውት ነበር። የከተማው አስተዳደር ሙኮኖ ውስጥ ዱንዱ በሚባል ቦታ ለአዲስ ማስወገጃ መሬት ገዝቶ ነበር፤ ሳይሠራበት ቀረ። ነሐሴ 10 ቀን 2024 ክምሩ ተናደ፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። በክምሩ ግርጌ የሠሩት ሰዎች መሥራት አልነበረባቸውም ይባላል። ይሁን። ነገር ግን ክምሩን በየቀኑ ከፍ ሲያደርግ የነበረው ማን ነው? ትእዛዙ ከሥር ላለው “ራቅ” ከማለቱ በፊት ከላይ ላለው “አቁም” ማለት ነበረበት። ጎርፍ አይጠብቅም የሚለው ክርክር ለማን እንደሚነገር ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ የሚነገረው ለመጨረሻው ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ኪጋሊን ይጠቅሳል። አጠገቧ ያለች ከተማ ፕላኗን ታስፈጽማለች፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ኪዳን ሳይሆን ቆራጥነት ነው። ኪጋሊ በእርግጥ ታስፈጽማለች። ይሁንና ኪጋሊም በ2020 ፕላኗን ስታድስ ቀድሞ የነበረውን ጥብቅ ደረጃ አላልታ፣ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ደረጃ በደረጃ የሚሠራው ቤት እንዲፈቀድ መንገድ ከፈተች፤ ቆራጥነት ብቻውን የማይችለውን ሰው እንዲችል አላደረገውም። የተቃውሞው ሥር ግን ከዚህ ይጠልቃል፦ ካምፓላ ያቃታት መሬቱ የግል ስለሆነ ነው፣ መንግሥት ቢይዘው ፕላን ይሠራል የሚል ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ሐሳብ ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው በ1975 ነው፤ አሚን መሬትን በአዋጅ የመንግሥት ያደረገውም በዚያው ዓመት። ኡጋንዳ ውስጥ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ማይሎው በልማድ ቀጠለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ጸና። በውጤቱ አዲስ አበባ በፍጥነት ትለወጣለች፤ ከ2024 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን በወራት ውስጥ ሌላ አድርጓታል። ነገር ግን መጋቢት 11 ቀን 2017 የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተናዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር መሬቱ የመንግሥት ነበር። ኪቴዚና ቆሼ በሁለት የተለያዩ የመሬት ሥርዓቶች ሥር የደረሱ አንድ ዓይነት አደጋዎች ናቸው። ባለቤትነት ማን ማፍረስ እንደሚችል ይወስናል፤ ማን መጀመሪያ መታዘዝ እንዳለበት አይወስንም። እንዲያውም ሁሉ በእጁ ያለው ባለአደራ ራሱን የሚያስርበት ምክንያት ይበልጥ ያጣል።

ታች ያለው ሰውም ንጹሕ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ረግረጉን እያወቀ በርካሽ ገዝቶ፣ ከፋፍሎ ለሌላ የሚሸጥ አለ፤ በምርጫ ሰሞን ማፈናቀል እንደሚቆም አስልቶ የሚደለድል አለ። በዚህ ላይ ከተማዋ ሁለት ራስ አላት። በ2010 የወጣው ሕግ ካምፓላን በማዕከላዊው መንግሥት በሚሾም ዋና ዳይሬክተር ሥር አዋለ፤ በሕዝብ የሚመረጠው ሎርድ ሜየር (ከንቲባ) ግን በቦታው ቆየ፣ ለረጅም ዘመንም ከተቃዋሚ ወገን ሆነ። አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ያጽናናል፤ ሁለቱም ድምፅ ይቆጥራሉ። ከእንዲህ ዓይነት ሕዝብ ጋር ምን ኪዳን ይገባል ይባል ይሆናል። ግን ኪዳን ከቅዱሳን ጋር የሚገባ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ከከዳተኛ ሕዝብ ጋር የተገባው ኪዳን እንዴት ደጋግሞ እንደታደሰ ብሉይ ኪዳን በሙሉ ይተርካል። ሰው ቃሉን ለመጠበቅ የሚጀምረው ከሌላው ወገን የተጠበቀ ቃል ሲያይ ነው። ከ2002 ጀምሮ በካምፓላ የተደራጁት የጎስቋላ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበራት የየራሳቸውን ሰፈር ቤት በቤት ቆጥረዋል፣ ካርታ አንሥተዋል፤ መቆጠር ማለት በአንድ በኩል ለመፍረስ መጋለጥ ነው፣ ሆኖም አደረጉት። ማንም ያላስገደዳቸውን ነገር ያደረጉት እንድንቆጠር ከሆነ በፕላኑ ውስጥ እንቆጠር ብለው ነው።

መንግሥት በበኩሉ ምን ቃል እንዳለበት መፈለግ አያስፈልግም፣ ተጽፏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ንብረት ከመወሰዱ በፊት ፈጣንና በቂ ካሳ ይከፈል ይላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ይህን አጽንቷል፤ ካሳ ሳይከፈል መሬት መያዝን የሚፈቅደው የቀድሞ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ። ቃሉ ግን ከወረቀት ወጥቶ የሚታይበት ቦታ ይፈልጋል፤ የታየበት አንድ ቦታ ደግሞ ናካዋና ናጉሩ ነው። እነዚህ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠሩ የመንግሥት ቤቶች ነበሩ። በ2011 ዘመናዊ መንደር ይሠራበታል፣ ነባሮቹ ተከራዮች ከአዲሱ ቤት ቅድሚያ ያገኛሉ ተብሎ ፈረሱ፤ ከ1,700 በላይ ቤተሰብ ወጣ። መንደሩ አልተሠራም። ቦታው ለዓመታት ሣር አበቀለ፣ ከአልሚው ጋር የነበረው ውል ፈረሰ፣ በኋላም መሬቱ ለሌሎች ስለመከፋፈሉ ፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። እነዚያ ሰዎች ረግረግ ውስጥ አልነበሩም፣ ጨረቃ ቤትም አልሠሩም፤ መንግሥት በሰጣቸው ቤት ኪራይ እየከፈሉ በፕላኑ መሠረት ይኖሩ ነበር። ነገ አንድ ሹም ሉቢጊ ወርዶ “ተነሥ፣ የተሻለ ቦታ ይሰጥሃል” ቢል፣ የሚሰማው ሰው ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ ወደ ናጉሩ ኮረብታ ቢያይ አይፈረድበትም።